ልጅ ሳይዙ በልጆች መርከብ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ጥያቄዎች የመጡት ልጅ ከሌላቸው ወይም ልጆቻቸው አድገው ከቤት ከወጡላቸው አንባቢዎች ነው። ዓይናቸው ያረፈው ግን ለቤተሰብ ተብለው በተሠሩት ትልልቅ የመዝናኛ መርከቦች ላይ ነው። አብዝተን የምንጠቅሰው የዲዝኒን መርከቦች ነው፤ የልጆች መርከብ ሲባል ቀድሞ የሚነሣው የእነሱ ስም ነውና። ሰዓቶቹን በሙሉ በአሜሪካ አቆጣጠር ጽፈናል።

እኔና ባለቤቴ ከተጋባን ስምንት ዓመታችን ነው፤ ልጅ የለንም። የሥራ ባልደረቦቼ ስለ ዲዝኒ ክሩዝ አውርተው አይጠግቡም። እኔም ደስ ብሎኛል፤ ባለቤቴ ግን «ከፍለን ጩኸት ልንገዛ ነው?» ይላል። «ልጆቻችሁስ?» የሚለው ጥያቄ እዚያም ድረስ እንዳይከተለን እፈራለሁ። (ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

የባለቤትዎ ስጋት ተገቢ ነው። ሆኖም እነዚህ መርከቦች ለልጆቹ የራሳቸው መዋያ ስላዘጋጁላቸው ሁኔታው ከሚታሰበው የተለየ ነው። ከ3 እስከ 10 ዓመት ያሉት ኦሺኒየር ክለብ ይገባሉ፤ ከ11 እስከ 14 ያሉት ኤጅ፣ ከ14 እስከ 17 ያሉት ደግሞ ቫይብ። ሦስቱም በጉዞው ዋጋ ውስጥ የተካተቱ ናቸው። ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ላሉ ሕፃናት በሰዓት የሚከፈልበት ማቆያ አለ። ወላጆቹ ልጆቻቸውን እዚያ የሚተዉት ትንሽ ለማረፍ ነው፤ ስለዚህ ኩባንያው ለአዋቂ ብቻ የሚሆነውን ቦታ በጥንቃቄ አስቦ ሠርቶታል። ለወላጅ ተብሎ የተሠራውን ይህን ጸጥታ እናንተ ልጅ የምታስረክቡት ስለሌለ ከጠዋት ጀምሮ ታገኙታላችሁ።

ጩኸቱ የሚበረታባቸው ቦታዎችና ሰዓቶች የታወቁ ናቸው። መርከቡ ወደብ ሳይነካ በሚውልበት ቀን ከረፋድ እስከ አመሻሽ ድረስ ትልቁ መዋኛ ገንዳ አካባቢ፣ በምሳ ሰዓት ቡፌው ጋ፣ የማታው ትርኢት እንዳለቀ ሊፍቶቹ በር ላይ፣ ሚኪና ጓደኞቹ ፎቶ በሚነሡበት ዋናው አዳራሽ ውስጥ። በዚያው ሰዓት 18 ዓመት ያልሞላው የማይገባባቸው ቦታዎች አሉ። ኳይት ኮቭ የሚባለው የአዋቂ ገንዳ፣ ኮቭ ካፌ፣ ስፓው ውስጥ ያለው ሬይንፎረስት የተባለ የእንፋሎት ክፍል ይጠቀሳሉ። ድሪምና ፋንታሲ የተባሉት መርከቦች ከፊት በኩል 13ኛው ፎቅ ላይ ሳተላይት ፎልስ የሚባል ክብ ገንዳም አላቸው። እዚያ ድረስ ሽቅብ የሚወጣ ሰው ስለሚያንስ በጣም ጸጥ ያለ ነው። ማታ ከ9 ሰዓት በኋላ መጠጥ ቤቶቹ የሚገኙበት ክፍል ለአዋቂ ብቻ ይሆናል፤ መጠጥ የሚቀዳው ግን 21 ለሞላው ነው።

የእራት ሰዓት ምርጫችሁ ከሁሉም በላይ ለውጥ ያመጣል። እራት በሁለት ዙር ነው፤ የመጀመሪያው 5፡45 ገደማ፣ ሁለተኛው 8፡15 ገደማ። ትንንሽ ልጆች ቶሎ ስለሚተኙ ቤተሰቦች የመጀመሪያውን ይሻሙታል። ሁለተኛው ዙር ላይ ያሉት ልጆች ደግሞ ምግባቸው ቀድሞ ቀርቦላቸው፣ የክለቡ ሠራተኞች መጥተው ከመመገቢያው አዳራሽ ይወስዷቸዋል። ከዚያ በኋላ አዳራሹ የአዋቂ ይሆናል። ስለዚህ ቦታ ስትይዙ ሁለተኛውን ዙር ጠይቁ። ትርኢቱን ከእራት በፊት ታዩና ረጋ ብላችሁ ትበላላችሁ።

«ልጆቻችሁስ?» የሚለውን በተመለከተ፣ ሠራተኞቹ ያለ ልጅ የሚመጣ ተሳፋሪ ሁልጊዜ ስለሚያዩ አይጠይቁም። ጥያቄው ሊመጣ የሚችለው ከሌላ ተሳፋሪ ጋር አንድ ገበታ ላይ ከተቀመጣችሁ ነው። እዚያ እንዳትደርሱ ከጉዞው በፊት በስልክ ወይም በጉዞ ወኪላችሁ በኩል «የሁለት ሰው ጠረጴዛ» ብላችሁ አስመዝግቡ። ስትሳፈሩ በተሰጣችሁ ጠረጴዛ ካልተደሰታችሁ የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ የመመገቢያ ለውጥ የሚስተናገድበት ጠረጴዛ ይከፈታል፤ ሰዓቱና ቦታው በስልክ መተግበሪያው ላይ ይወጣል። የሦስት ወይም አራት ቀን ጉዞ አጭር ስለሆነ ነገ ይደርሳል ብላችሁ አታሳድሩት። አስተናጋጆቹ በየምሽቱ ከእናንተ ጋር ከአንዱ አዳራሽ ወደ ሌላው ስለሚዘዋወሩ መጀመሪያ የተቀመጣችሁበት አቀማመጥ እስከ መጨረሻው ይከተላችኋል።

አንድ ነገር ግን ሳንጨምር አናልፍም። ልጅ አለማግኘቱ ገና ያልጠገገ ሐዘን ሆኖባችሁ ከሆነ፣ የትኛውም የአዋቂ ገንዳ ቤተሰቦችን ከዓይናችሁ ሙሉ በሙሉ አይጋርድም፤ በመተላለፊያው፣ በሊፍቱ፣ በትርኢቱ ታዩአቸዋላችሁ። እንዲያ ከሆነ ቨርጂን ቮየጅስና ቫይኪንግ የተባሉት ኩባንያዎች መርከቦች ላይ 18 ያልሞላው ጭራሽ አይሳፈርም፤ መጀመሪያ እነሱን ተመልከቱ። ይህን መምረጥ የሚያሳፍር አይደለም።

ልጆች የሚቀንሱት መቼ ነው? (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

የአሜሪካን ትምህርት ቤቶች የቀን መቁጠሪያ ከፊታችሁ ዘርግታችሁ ምረጡ። የሰመር እረፍት፣ የታንክስጊቪንግ ሳምንት፣ የፈረንጆች ገናና አዲስ ዓመት፣ በፌብሩዋሪ አጋማሽ ያለው የፕሬዚዳንቶች ቀን ሰሞን፣ ከማርች እስከ ፋሲካ የሚዘልቀው የስፕሪንግ እረፍት፣ እነዚህ ሁሉ መርከቡ በልጅ የሚሞላባቸውና ዋጋውም የሚሰቀልባቸው ጊዜያት ናቸው። የሚቀለው ከሌበር ደይ በኋላ ያለው ሴፕቴምበር፣ የዲሴምበር መጀመሪያና ከጃንዋሪ ሁለተኛ ሳምንት እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ከ10 ሌሊት በላይ የሆነ ጉዞ፣ በተለይም መርከቡ ከአውሮፓ ወደ አሜሪካ ሲዛወር አትላንቲክን የሚያቋርጥበት፣ በየትኛውም ወር ልጅ የሚያንስበት ነው፤ ተማሪ ያለው ቤተሰብ ያን ያህል ቀን አያገኝም።

በእንቁጣጣሽ ሰሞን የሚደረግ ጉዞ ጸጥ ያለም ርካሽም ነው፤ ዋጋው የወረደው ግን ያለ ምክንያት አይደለም። የአትላንቲክ የአውሎ ነፋስ ወቅት ከጁን 1 እስከ ኖቬምበር 30 ሲሆን ጫፍ የሚደርሰው በሴፕቴምበር 10 አካባቢ ነው። መርከቡ ነፋሱን ሸሽቶ ስለሚዞር የሚያሰጋው አደጋ ሳይሆን የመንገድ ለውጥ ነው። ባሃማስ ብላችሁ ተሳፍራችሁ ሜክሲኮ ልትወርዱ ትችላላችሁ። የተሳፋሪው ውል ይህን ይፈቅድላቸዋል፤ የቀረውን ወደብ ቀረጥ ቢመልሱ እንጂ ሌላ ካሳ አይጠበቅም። የሄዳችሁት ለደሴቱ ሳይሆን ለመርከቡ ከሆነ ሴፕቴምበር ጥሩ ነው። ደሴቱን አጥብቃችሁ ከፈለጋችሁ ጃንዋሪን ምረጡ፤ የእኛ ገና ካለፈ በኋላ ያሉት ሁለት ሦስት ሳምንታት ለዚህ የተመቹ ናቸው። ያን ጊዜ ባሃማስ ላይ ነፋሱ ቀዝቀዝ ስለሚል ለመዋኘት ሳይሆን አሸዋ ላይ ለመተኛት ተዘጋጁ። በየትኛውም ወር ቢሆን አውሮፕላኑን መርከቡ በሚነሣበት ዕለት አትያዙ፤ አንድ ቀን ቀድማችሁ ግቡ።

ባለፈው ጉዟችን ሌሊት ከላይ ወንበር ሲጎተት፣ ጠዋት ከጎናችን ልጅ ሲያለቅስ እንቅልፍ አጣን። ካቢን ስንመርጥ ምን እንይ? (ከሲያትል)

ሁለቱም ችግሮች ከመርከቡ ካርታ ላይ ቀድመው የሚታዩ ናቸው። ወንበሩ የተጎተተው ካቢናችሁ ከገንዳው ፎቅ ሥር ስለነበረ ነው። ሠራተኞች ሌሊት ወለሉን አጥበው ገና ሳይነጋ ወንበሮቹን ይደረድራሉ። በድሪምና ፋንታሲ ገንዳው 11ኛ ፎቅ ላይ ስለሆነ 10ኛው ላይ ከሥሩ ያሉትን ካቢኖች ተዉ፤ በማጂክና ወንደር ገንዳው 9ኛ ላይ ነው፣ እዚያ 8ኛውን ተዉ። ደንቡ ቀላል ነው፤ ከላይም ከታችም መኝታ ቤት ብቻ ያለበትን ካቢን ምረጡ።

ልቅሶው የመጣው ደግሞ ምናልባት በማገናኛ በር በኩል ነው። ሰፊ ቤተሰብ ሁለት ካቢን ይዞ እንዲቀላቀል ታስቦ አንዳንድ ካቢኖች መካከል በር ተሠርቷል። ቢቆለፍም በሩ ከግድግዳው የሳሳ ስለሆነ ድምፅ ያሳልፋል። ካርታው ላይ በትንሽ ምልክት ይታያል፤ ያ ምልክት የሌለበትን ያዙ። ከሊፍትም አራት አምስት በር ራቁ። ማዕበል የሚያስቸግረው ሰው ካላችሁ የመርከቡ መሐል፣ ዝቅ ያለው ፎቅ ይሻላል።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ግን የካቢኑን ቁጥር ራሳችሁ ከመረጣችሁ ነው። ርካሽ ሆኖ «ካቢኑን እኛ እንመድባለን» የሚል ዋጋ አለ። በዲዝኒ ይህ ዓይነቱ ትኬት ሲገዛ ወዲያው ሙሉ በሙሉ ይከፈላል፣ ገንዘቡም አይመለስም። የሚደርሳችሁ ካቢን ብዙ ጊዜ ሌላው ሰው ያልፈለገው ነውና እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ ቅናሹ አያዋጣም። ለሁለት ሰው የቤተሰብ ካቢን መክፈልም አያስፈልግም፤ ተጨማሪው ስፋት ለተደራራቢ አልጋዎቹ የተተወ ነው።

ፓሎ ለሚባለው የአዋቂዎች ምግብ ቤት ቦታ ልናስይዝ ብንሞክር ሞልቷል አለን። ጉዞው ሊደርስ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ተስፋ አለን? (ከአትላንታ)

አላችሁ። መጀመሪያ ለምን እንደሞላ እናስረዳ፤ ለሌሎችም ይጠቅማል። ፓሎ 18 ለሞላው ብቻ የሆነ የጣሊያን ምግብ ቤት ነው። የተወሰነው የምግብ ዝርዝር በሰው 50 ዶላር ገደማ በተጨማሪ ይከፈልበታል። ዊሽና ትሬዠር በተባሉት አዳዲስ መርከቦች ላይ ፓሎ ስቴክሃውስ ሆኗል። ቦታ ማስያዣው ለሁሉም በአንድ ቀን አይከፈትም። ከዲዝኒ ጋር ብዙ ጊዜ የሄደ ሰው እስከ 120 ቀንና ከዚያም በላይ ቀድሞ ይይዛል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄድ ግን መርከቡ ሊነሣ 75 ቀን ሲቀረው ነው፤ ያውም ሂሳቡን ሙሉ በሙሉ ከከፈለ። ገንዘቡ ሳይጠናቀቅ 75ኛው ቀን ቢደርስ ማስያዣው አይከፈትላችሁም። ብዙ ሰው ወረፋው የሚያልፈው በዚህ ነው።

አሁን ማድረግ የምትችሉት ይህ ነው። ሰው ዕቅዱን ስለሚቀይር መተግበሪያውን በየቀኑ ጠዋትና ማታ ክፈቱ። በተሳፈራችሁበት ዕለት ደግሞ ቡፌ ከመሄዳችሁ በፊት በቀጥታ ወደ ፓሎ በር ሂዱና የተመለሰ ቦታ ይኖር እንደሆነ ጠይቁ። ከስልክ ይልቅ እግር የሚቀድምበት ሰዓት ነው። ካላችሁ ምርጫ የመጀመሪያውን ምሽት ውሰዱ፤ ሰው ስለሚደክመው ያኔ ይቀላል። ጉዞው ወደብ ሳይነካ የሚውል ቀን ካለው ብራንቹንም (ረፋድ ላይ የሚቀርበውን ምግብ) ጠይቁ፣ ለእኛ ከእራቱ ይበልጥብናል። ወንዶች ሙሉ ሱሪና ኮሌታ ያለው ሸሚዝ ይዘው ይሂዱ፤ በቁምጣ አያስገቡም።

የሬይንፎረስቱ የሙሉ ጉዞ መግቢያም ቁጥሩ የተወሰነ ስለሆነ በዚያው ዕለት ስፓውን ጎብኙ።

ካስታዌይ ኬይ በተባለው የዲዝኒ ደሴት ላይ የአዋቂ የባሕር ዳርቻ እንዳለ ሰማሁ። እንዴት ይደረሳል? (ከዳላስ)

ሴሬኒቲ ቤይ ይባላል፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ የሚገባውም 18 የሞላው ብቻ ነው። ከመርከቡ ስትወርዱ በመጀመሪያው ትራም ወደ ቤተሰቦቹ ዳርቻ ትደርሳላችሁ። ከዚያ ሁለተኛ ትራም በአሮጌው የአውሮፕላን ማረፊያ ላይ ይዟችሁ ይሄዳል። (ደሴቱ ድሮ ጎርዳ ኬይ ሲባል አደንዛዥ ዕፅ አሸጋጋሪዎች የሚያርፉበት ማኮብኮቢያ ነበር፤ ዛሬ ሳይክል ይነዳበታል።) ብዙ ሰው መጀመሪያው ፌርማታ ላይ ወርዶ እዚያው ይቀራል፤ ጸጥታው የሚጠበቀው በዚህ ነው። ምሳም እዚያው ይጠበሳል፤ ወደ ቤተሰቦቹ ዳርቻ መመለስ አያስፈልግም። ጥላ ያለው ወንበር ቶሎ ስለሚያዝ ከ10 ሰዓት በፊት ድረሱ። በ2024 የተከፈተው ሌላው የዲዝኒ መዳረሻ ሉክአውት ኬይም ተመሳሳይ የአዋቂ ዳርቻ አለው፤ መርከቡ የሚቆምበት ድልድይ ግን በጣም ረጅም ስለሆነ ጉልበት የሚያማችሁ ቀድማችሁ አስቡበት።

ሌላ ብልሃትም አለ። ደሴቱ ላይ የሚውለው ሕዝብ ሲወርድ መርከቡ ባዶ ይሆናል። ድሪምና ፋንታሲ ላይ ያለው አኳዳክ የተባለ 233 ሜትር የውሃ መንሸራተቻ በሌላ ቀን ረጅም ወረፋ አለው፤ በዚህ ቀን ከሰዓት ቀደም ብሎ የተመለሰ ሰው ደጋግሞ ይንሸራተትበታል። አዋቂ ነኝ ብላችሁ አትለፉት።

ጉዟችን ጾመ ነቢያት ላይ ዋለ። እንጀራና ሽሮ ይዘን መግባት እንችላለን? ቡናስ? (ከኮሎምበስ፣ ኦሃዮ)

ቤት የተሠራ ምግብ አይፈቀድም፤ የሚገባው በፋብሪካ የታሸገና ያልተከፈተ ብቻ ነው። የታሸገ ቆሎ ወይም ለውዝ ያልፋል፤ እናታችሁ የጋገሩት ዳቦ ቆሎ አያልፍም። ምድጃ፣ የውሃ ማፍያ፣ ሻማና እጣን በእሳት አደጋ ምክንያት ክልክል ናቸው፤ ጀበናውን እቤት ተዉት። ወይን ግን ይቻላል። 21 የሞላው እያንዳንዱ ሰው ሁለት ያልተከፈተ የወይን ጠርሙስ ወይም ስድስት ቢራ በእጅ ሻንጣው ይዞ ይገባል፤ በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ካገኙት ይወስዱታል። ቤት የተጠመቀ ጠጅ ፋብሪካ ያሸገው ስላልሆነ አይገባም።

ጾሙን ለመጾም ይህ ሁሉ አያስፈልግም። ቦታ ስትይዙ «ቪጋን» ብላችሁ አስመዝግቡ፣ ቃሉ ለእነሱ ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤ፣ ዕንቁላልም ሆነ ማር የለበትም ማለት ነው። «ቬጀቴሪያን» ካላችሁ አይብና ዕንቁላል ያመጡላችኋል፤ ስህተቱ የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ከዚያ በመጀመሪያው ምሽት የአስተናጋጆቹን አለቃ ጥሩና የነገውን እራት ዛሬ እዘዙ፤ ማዕድ ቤቱ ቀድሞ ካወቀ ለብቻ ያበስላል። በየምሽቱ እንዲሁ አድርጉ። ምስርና ሽምብራ የናፈቀው ሰው የሕንድ ምግብ ይጠይቅ፤ ከዝርዝሩ ላይ ባይኖርም ብዙ መርከብ ላይ የሕንድ አብሳዮች አሉና ይሠሩታል፣ ቅቤ እንዳይገባበት ማሳሰብ ግን የእናንተ ድርሻ ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር እስከ 9 ሰዓት ለምትጾሙ፣ በአሜሪካው 3 ሰዓት ከሰዓት በኋላ ዋናው የመመገቢያ አዳራሽ ዝግ ነው፤ ገንዳው አጠገብ ያሉት ፈጣን ምግብ ቤቶች ግን ክፍት ናቸው፣ በካቢን ስልክም ማዘዝ ይቻላል።

ከአሜሪካ ወጥተን በዚያው መርከብ የምንመለስ ከሆነ ፓስፖርት ያስፈልገናል? እኔ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ባለቤቴ የጥገኝነት ጉዳይዋ ገና ውሳኔ አላገኘም። (ከሚኒያፖሊስ)

ከዚህ ዓምድ ውስጥ በጥሞና እንዲነበብ የምንፈልገው ይህን መልስ ነው። ባለቤትዎ አሁን አይሳፈሩ። የጥገኝነት ማመልከቻቸው ውሳኔ ያላገኘ ሰው አድቫንስ ፓሮል የተባለውን ፈቃድ ሳይዝ ከአሜሪካ ከወጣ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠራል። ባሃማስ ላይ ለአንድ ቀን መውረድም ከአሜሪካ መውጣት ነው፤ ከመርከቡ ባይወርዱም ያው ነው። ፈቃዱ ቢገኝ እንኳ ከጠበቃ ሳይመክሩ አይሂዱ። ጥገኝነት ያገኘ ሰው ደግሞ የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ያወጣል፤ ከሰነዱ ሌላ የየወደቡን የቪዛ ደንብ ማጣራት ይኖርበታል።

እርስዎ ግሪን ካርድዎንና ያላለፈበት የኢትዮጵያ ፓስፖርትዎን ሁለቱንም ይያዙ። ዜግነት ያገኙ አንባቢዎች ከአንድ የአሜሪካ ወደብ ተነሥቶ እዚያው በሚመለስ ጉዞ በዜግነት የምስክር ወረቀትና በመታወቂያ ሊሄዱ ይችላሉ። ሆኖም ናሳው (ባሃማስ) ላይ ታሞ የቀረ ወይም መርከብ ያመለጠው ሰው በአውሮፕላን ለመመለስ ፓስፖርት ግድ ስለሚለው ፓስፖርቱን እንመክራለን። በጉብኝት ቪዛ ከአዲስ አበባ የሚመጡ ዘመዶች ቪዛቸው ላይ የመግቢያው ብዛት ስንት እንደሆነ ይመልከቱ፤ አንዴ ብቻ የሚል ከሆነ ወደ ባሃማስ ወጥተው መመለስ አይችሉም። አላስካ አሜሪካ ውስጥ ነው ብላችሁም አትዘናጉ፤ በ1886 በወጣ ሕግ ምክንያት የውጭ ባንዲራ የሚያውለበልቡት እነዚህ መርከቦች መንገድ ላይ የሌላ አገር ወደብ መንካት ስላለባቸው ካናዳ መግባታችሁ አይቀርም። ሰነድ ያልተሟላለትን ሰው ወደቡ ላይ ያስቀሩታል፣ ገንዘቡንም አይመልሱም።

ዲዝኒ ተወደደብን። ከቤታችን ቅርብ የሚነሣ ሌላ አለ? (ከባልቲሞር)

ከራሳችሁ ከተማ ወደብ ሮያል ካሪቢያንና ካርኒቫል ይነሣሉ፤ የአውሮፕላኑ ወጪ ሲቀር ልዩነቱ በጣም ይሰፋል። ካርኒቫል ሴሬኒቲ የሚባል 21 ለሞላው የሆነ ነጻ ማረፊያ አለው። የሮያል ካሪቢያን ሶላሪየም 16 ለሞላው ሆኖ ብዙ መርከቦቹ ላይ በመስታወት የተከለለ ነው፣ በብርድ ቀን ይመረጣል። ኮኮኬይ ደሴታቸው ላይ ያለው ሃይድአዌይ ቢች ግን የአዋቂ ቢሆንም ለብቻው ይከፈልበታል። ዋጋ ስታወዳድሩ ለስላሳ መጠጥ ዲዝኒ ላይ ነጻ፣ በሁለቱ ላይ የሚከፈልበት መሆኑን፣ በሁሉም ላይ ደግሞ ለሠራተኞች በየሌሊቱ በነፍስ ወከፍ ከ15 እስከ 20 ዶላር ገደማ ቲፕ እንደሚታሰብ ደምሩበት። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ለካቢኑ የሁለት ሰው ያህል ሊጠየቅ ይችላል፤ ኖርዌጂያን በተባለው ኩባንያ መርከቦች ላይ ለአንድ ሰው ተብለው የተሠሩ ካቢኖች ስላሉ መጀመሪያ እዚያ ይጠይቅ።